ከ1870 በፊት ስሙ የጠፋ አያት

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ልጆቻችን በእኔ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ በአባታቸው በኩል ግን ጆርጂያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1870 የሕዝብ ቆጠራ «ዕድሜ 22፣ የእርሻ ሠራተኛ» ተብሎ ከተመዘገበ አንድ ሰው ማለፍ አቃተን። በዚያው ካውንቲ (ወረዳ) በቤተሰቡ ስም የሚጠራ ባሪያ አሳዳሪ አግኝተናል። ጌታው እሱ ነበር ማለት ነው? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ በስሙ ብቻ እንዲህ ማለት አይቻልም። ነፃ ከወጡት አንዳንዶቹ የመጨረሻ ጌታቸውን ስም ያዙ፤ ሌሎች የቀድሞ ጌታቸውን፣ ሌሎችም ራሳቸው የመረጡትን። ስሙ ፍለጋ ያስጀምራል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

በ1850 እና በ1860 በባርነት የነበሩ ሰዎች የተቆጠሩት በተለየ ዝርዝር፣ በጌታቸው ስም ሥር ነው። የእርስዎ ሰው በ1860 ተመዝግቦ ከሆነ መስመሩ «12፣ ወንድ፣ ጥቁር» ቢል ነው፤ ስም የተጻፈላቸው እጅግ ጥቂት ናቸው። ዕድሜው ገጠመ ብለው እሱ ነው እንዳይሉ።

ይልቅ መጀመሪያ ወደ ኋለኞቹ ቆጠራዎች ይሂዱ። የ1880ው ከአባወራው ጋር ያለውን ዝምድናና ወላጆች የተወለዱበትን ግዛት፣ የ1900ው የትውልድ ወርና ዓመት ይይዛል። የ1890ው በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሳ ቃጠሎ ሰበብ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ዕድሜው ከቆጠራ ቆጠራ አምስት ዓመት ቢዛነፍ አይደንግጡ፤ መልስ የሰጠው ጎረቤት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ወደ 1870ው ገጽ ተመልሰው ከእሱ በላይና በታች ያሉትን ሃያ ሃያ ቤተሰቦች ይጻፉ። አብረው በባርነት የነበሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ተጎራብተው ቀርተዋል። በ1867ው የጆርጂያ መራጮች መዝገብ ግን እሱን አይጠብቁ፤ 21 ዓመት አልሞላውም። እዚያ የሚፈለገው አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ነው።

ትልቁን ተስፋ የምንጥለው ከባርነት ነፃ ለወጡ ሰዎች በተቋቋመው የቁጠባ ባንክ፣ በፍሪድማንስ ባንክ መዝገብ ላይ ነው። ባንኩ ከ1865 እስከ 1874 ሠርቷል፤ በጆርጂያ ሳቫና፣ ኦገስታና አትላንታ ቅርንጫፍ ነበረው። ደብተር ያወጣ ሰው የአባት፣ የእናት፣ የወንድምና የእህት ስም ይጠየቅ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ቅጾች የጌታውንና የእርሻውንም ስም ይጠይቃሉ። መዝገቡ ፋሚሊሰርች (FamilySearch) በተባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። የእሱን ካጡ የጎረቤቶቹን ይፈልጉ።

አንድ ጌታ ተደጋግሞ ከመጣ ወደ ካውንቲው የውርስ መዝገብ ይግቡ። ጌታው ሲሞት ሰዎቹ ከበሬና ከማረሻ ጋር በስም እየተጠሩ፣ በዶላር እየተገመቱ ይዘረዘሩ ነበር፤ እናት ከነልጆቿ በአንድ መስመር የምትገኝበትም ጊዜ አለ። የጌታውን ሚስት የአባት ቤትም አይዝለሉ፤ ብዙ ሰው ለሴት ልጅ ውርስ ተብሎ ወደ ባሏ ቤት ተወስዷል።