የቅሬታ ደብዳቤያችሁ ኩባንያው እጅ መግባቱን በምን ታስረዳላችሁ? (ጥያቄና መልስ)

አሜሪካ ሆናችሁ ለኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት)፣ ለክሬዲት ካርድ ወይም ለሌላ ኩባንያ ደብዳቤ ልካችሁ «አልደረሰንም» የተባላችሁ፣ ከተማችሁን ጽፋችሁ ጠይቁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ ኮሌክሽን የማላውቀውን የሆስፒታል ዕዳ ክፈዪ ይለኛል። መቃወሚያዬን ልኬ ትራኪንጉ (የፖስታው መከታተያ) «ዴሊቨርድ» (ደርሷል) ይላል። አይበቃም?

መላሽ፦ አይበቃም እህቴ። ተራ ትራኪንግ ፖስታው መድረሱን ይናገራል እንጂ ማን እንደተረከበው አይናገርም። የዕዳ ማስታወቂያቸው ከደረሰሽ 30 ቀን ካላለፈ ዛሬውኑ በሰርቲፋይድ ሜይል (ቁጥር ያለውና በፊርማ የሚረከቡት ፖስታ) ከሪተርን ሪሲት (የመረከቢያ ማረጋገጫ ካርድ) ጋር ድገሚው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወምሽ፣ የዕዳውን ማረጋገጫ እስኪልኩልሽ ድረስ ማስከፈሉን ማቆም አለባቸው። የሪተርን ሪሲቷ አረንጓዴ ካርድ ተፈርሞባት ወደ አንቺ ትመለሳለች። ግን እሷም ብትሆን ፖስታው ውስጥ ምን እንደነበረ አትመሰክርም! «ደርሶናል፣ ውስጡ ግን ሌላ ወረቀት ነበር» ይሉሻል። ስለዚህ ከማሸግሽ በፊት የሰርቲፋይዱን ቁጥር ደብዳቤው ላይ ከቀኑ ሥር ጻፊ፣ ፈርሚና ኮፒ አድርጊ። ፖስታ ቤት መስኮት ሄደሽ ደረሰኝሽ ላይ የዕለቱን ማህተም አስመቺ። ያኔ ኮፒው፣ ደረሰኙና ካርዱ አንድ ቁጥር ይይዛሉ።

አትላንታ፦ በኢሜይል ብልከውስ?

መላሽ፦ ጨምርበት፤ በደብዳቤው ቦታ ግን አይተካም።

ዳላስ፦ ካርዱ ላይ የፈረመው ሰው ስሙ አይነበብም። ዋጋ አለው?

መላሽ፦ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መፈረም የለበትም። በኩባንያው አድራሻ ፖስታ የሚረከብ ሠራተኛ ከፈረመ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ አድራሻው ነው። የክሬዲት ካርድ ቢል ስህተት ከሆነ፣ ደብዳቤው ክፍያ ወደሚላክበት ሳይሆን ቢሉ ላይ «ቢሊንግ ኢንኳየሪስ» (ስለ ቢል ጥያቄ) ተብሎ ወደተጻፈው አድራሻ ነው መሄድ ያለበት። ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያው ቢል ከተላከ በ60 ቀን ውስጥም እጃቸው መግባት አለበት። እነሱም ጉዳዩን ቶሎ ካልፈቱት በ30 ቀን ውስጥ «ደርሶናል» ብለው መጻፍ ግዴታቸው ነው። ያቺን ወረቀት እንዳትጥላት፤ ከአረንጓዴዋ ካርድም ትበልጣለች። ቁጥሩንስ ደብዳቤው ላይ ጽፈሃል?

ሲያትል፦ ሰርቲፋይድ አትላኩ፣ አንቀበልም ብለው ይመልሱታል። ተራውን ፖስታ በሰርቲፊኬት ኦፍ ሜይሊንግ (ፖስታ ቤቱ መላካችሁን በሚያረጋግጥበት ወረቀት) ላኩ።

ዴንቨር፦ እሱ መላክህን እንጂ መድረሱን አያሳይም።

ሲያትል፦ በትክክል የተላከ ደብዳቤ እንደደረሰ ፍርድ ቤት ይገምታል።

ዴንቨር፦ ግምት ይፈርሳላ! አዲስ አበባ ቢሆን መዝገብ ቤት ገብተህ ግልባጩ ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም ታስመታለህ፣ አለቀ።

ሲያትል፦ እዚህ የትኛው መዝገብ ቤት ነው የሚያስገባህ?

መላሽ፦ የአዲስ አበባውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ሰርቲፋይዱንም ተራውንም በአንድ ቀን ላኩ። ሰርቲፋይዱ «ሪፊውዝድ» (አንቀበልም ተብሏል) ወይም «አንክሌምድ» (የወሰደው የለም) ተብሎ ከተመለሰላችሁ እንዳትከፍቱት። እንደታሸገ ይዛችሁት ቅረቡ፤ ዳኛው ፊት ሲከፈት ደብዳቤው ከነቁጥሩ ይወጣል።

ላስ ቬጋስ፦ ጋሼ፣ የኔም ትራኪንግ «ዴሊቨርድ» ይላል። ይበቃኛል?

መላሽ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ እባክህ አንብብ። ምን ላክህ? ለማን? መቼ? ቁጥሩን ደብዳቤው ላይ ጽፈሃል?

ላስ ቬጋስ፦ ፖስታው ላይ ተለጥፏል።

መላሽ፦ ፖስታው እነሱ ጋ ነው። አንተ እጅ ያለው ኮፒ ላይስ?

ላስ ቬጋስ፦ ኮፒ አላስቀረሁም።

መላሽ፦ እንግዲያው ደብዳቤውን እንደገና ጻፈው። ነገ ከመላክህ በፊት እዚህ ንገረኝ፤ አድራሻውን አብረን እናያለን።