«ልጁን እዩልኝ» ሲባል ማን ያያል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በባሕር ዳር ዓባይ ማዶ የምኖር እናት ነኝ። ከአንድ ወር ተኩል በፊት ጎረቤቶቼ ለቡና ተሰብስበው ሳለ፣ የ2 ዓመት ልጄ ኳሱን ተከትሎ ሲሮጥ ቄጤማው አንሸራቶት ማንደጃው ላይ የነበረችውን ጀበና ገለበጣትና ቀኝ ክንዱንና ደረቱን ተቃጠለ። እኔ ፈንዲሻ ላመጣ ጓዳ ገብቼ ነበር፤ ስነሣም «ልጁን እዩልኝ» ብያለሁ። የጥርስ ሳሙና ቀብተን ወደ ሕክምና ወሰድነው፤ አሁን ቁስሉ ደርቋል። ባለቤቴ ግን ጥፋቱን በእኔ ላይ አድርጓል፤ አማቴ «ዓይን ነው» ይላሉ፤ የ9 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ደግሞ «አንቺ ምን ትሠሪ ነበር?» ከተባለች ወዲህ አንገቷን ደፍታለች። ጥፋተኛው ማን ነው? ልብስ ላጥብ ወደ ዓባይ ዳር ስወርድስ ልጄን እንድትጠብቀው ለእሷ ብተወው ይሆናል?

መልስ፦ ለልጅዎ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክለት። ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንጀምር፤ መልሱ አጭር ነውና፦ አይሆንም። የ9 ዓመት ልጅ ሕፃን ታዝላለች፣ ታጫውታለች፣ ንፍጡንም ትጠርጋለች፤ አደጋን ከመድረሱ በፊት አይቶ መከላከል ግን የአዋቂ ሥራ ነው። ሕፃን ውሃ ውስጥ ሲሰጥም እንደምናስበው አይጮኽም፤ ለመጮኽ አየር ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ያጣው አየሩን ነው። ድምፅ ሳያሰማ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊሰጥም ይችላል፤ አንጎሉ ያለ ኦክስጅን ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ከቆየ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። ይህም አንድ አንሶላ አለቅልቆ ለመጭመቅ የሚፈጀውን ጊዜ ያህል ነው። ዓባይና ጣና ጥልቅ ስለሆኑ ብቻም አይደለም፤ የ2 ዓመት ልጅ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ በመሆኑ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ በቀረበት ሳፋ ውስጥ እንኳ በአፍጢሙ ከተደፋ ቀና ማለት ያቅተዋል።

ወደ ጥፋቱ እንምጣ። «ልጁን እዩልኝ» ማለትዎን አንጠራጠርም፤ ነገር ግን ለማን ነበር ያሉት? ለሁሉም የተባለ ነገር ለማንም እንዳልተባለ ይቆጠራል፤ ከተቀመጡት ጎረቤቶች እያንዳንዷ ሌላዋ የምታየው መስሏት ወሬዋን ቀጥላለች። መጠበቅ ማለት አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ መገኘት አይደለም። ስሟ ተጠርቶ ኃላፊነቱን የተቀበለች አንዲት አዋቂ፣ እጇን ብትዘረጋ ልጁን ከምትደርስበት ርቀት ላይ፣ ስልኳን አስቀምጣ፣ ተተኪ ሳትሰጥ ሳትነሣ ስታየው ነው ተጠበቀ የሚባለው። ባለቤትዎም ጥፋተኛ ከመፈለጋቸው በፊት በዚያ ሰዓት እርሳቸው የት እንደነበሩ ራሳቸውን ቢጠይቁ መልካም ነበር።

አማትዎን በአክብሮት እንዲህ ልንላቸው እንወዳለን፦ የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ዘገባ፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ800,000 በላይ ልጆች ባልታሰበ አደጋ እንደሚሞቱና ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶችም የመንገድ አደጋ፣ መስጠም፣ ቃጠሎ፣ መውደቅና መመረዝ እንደሆኑ ተገልጿል። በየአገሩ የሚደጋገሙት እነዚሁ ናቸው፤ ዓይን ቢሆን ኖሮ እንዲህ ተመሳሳይ መንገድ ባልመረጠ።

ደግሞም የትኛዋም እናት ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ሳትነቅል ልትኖር አትችልም፤ ስለዚህ ቦታው ራሱ መስተካከል አለበት። ጀበና ታችዋ ክብ ስለሆነ ያለ ማቶት ቀጥ ብላ አትቆምም፤ ፍም ላይ ስትጣድ ደግሞ ለመገልበጥ ትንሽ ንክኪ ይበቃታል። ማንደጃው ወለል ላይ፣ ቄጤማው ከሥሩ፣ ልጁም በዚያው መካከል ሲሮጥ፣ በ60 ዲግሪ ሙቀት እንኳ የሕፃን ቆዳ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ በጥልቅ የሚቃጠል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ቡናው ልጁ ሲተኛ ይፈላ፤ ካልሆነም ማንደጃው ጥግ ይዞ በወንበሮች ይከለል፤ ቄጤማውም ከማንደጃው ራቅ ብሎ ይጎዝጎዝ። (በረኪናና ላምባ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚያስቀምጡ ከሆነም ዛሬውኑ ያንሡት፤ ልጅ የሚያውቀው ጠርሙሱ የውሃ መሆኑን ነው።)

የጥርስ ሳሙናውን በተመለከተ፣ እንቁላልም ሆነ ሊጥ እንዲሁ፣ ሙቀቱን ቆዳ ውስጥ ያፍናል፤ ቁስሉንም ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ትክክለኛው የመጀመሪያ እርዳታ ልብሱን ማውለቅ (ከቆዳው ጋር የተጣበቀውን ሳይጎትቱ)፣ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ማፍሰስ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖም ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። በረዶ አይደረግበትም።

የእህትዎን ልጅ ዛሬ ማታ አጠገብዎ አስቀምጠው፣ ሥራው የእርሷ እንዳልነበረና የተቆጧት አዋቂዎች እንደተሳሳቱ፣ የተቆጧት ሰዎች በተገኙበት ይንገሯት።

የልጅዎን ክንድ ደግሞ ደረቀ ብለው አይተዉት። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው እየተኮማተረ መገጣጠሚያውን ሊይዘው ይችላል፤ ስለዚህ ኳሱን ከራሱ በላይ ከፍ አድርገው ይያዙለትና እንዲቀበልዎ ያድርጉት። ክርኑን እንደ ግራ እጁ ሙሉ በሙሉ ካልዘረጋው ወይም ሲዘረጋው ካመመው፣ ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪሙ ይመልሱት።