የፋብሪካ ጭስ ላስቸገራችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ለዓመታት በአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪነት ሠርቻለሁ። ስለ ፋብሪካ ጭስ የጠየቃችሁኝን የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ።

ከልደታ፦ ጋሼ፣ ከቤታችን ጀርባ ያለው ፋብሪካ ጠዋት ጠዋት ጥቁር ጭስ ይለቃል። ያጠብኩት ነጠላ ሽቦ ላይ እንዳለ ጥላሸት ይለብሳል። ልጄ ደግሞ አስም አለባት። ወረዳ ስሄድ ደንብ ማስከበር፣ ደንብ ማስከበር ስሄድ ወረዳ ይሉኛል።

እህቴ፣ ልጅሽን እግዜር ይማርልሽ። በቃል መመላለሱን ተይውና ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ አመልክቺ። ቀሪው ኮፒ ላይ መዝገብ ቤት ቀንና ማኅተም ያድርግልሽ። በብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጡሽ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካሽ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችያለሽ። ቀን የሌለው ማመልከቻ ከየት ይቆጠራል?

ሰዓቱንም መዝግቢ። «ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12:30 እስከ 1:15፣ ጥቁር ጭስ» ብለሽ። ቦይለር፣ ማለትም ውሃ አሙቆ እንፋሎት የሚያወጣው ማሽን፣ ሲነሳ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም፤ ጭሱ የሚጠቁረው ያኔ ነው። ተቆጣጣሪ አራት ሰዓት ላይ ቢመጣ ምንም አያይም። እኔ ራሴ አንድ ፋብሪካ ሦስት ጊዜ ሄጄ «ችግር የለበትም» ብዬ ተመልሻለሁ። በኋላ አንዲት እናት እንዲህ ያለ ማስታወሻ ይዘው መጡ። በማግስቱ 12 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ቆምኩ። ጥላሸቱ ነጭ ወረቀቴ ላይ ሲያርፍ በዓይኔ አየሁ። እኚያን እናት ቀድሜ አለመስማቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከጎተራ፦ ተከራይ ነኝ። ማመልከት እችላለሁ?

ትችላለህ። አዋጁ ማንም ሰው ያመልክት ይላል፤ «ጥቅሜ ተነክቷል» ብለህ ማስረዳት እንኳን አይጠበቅብህም።

ከሜክሲኮ፦ ጥበቃዎቹ ተቆጣጣሪ አናስገባም ቢሉስ?

አይችሉም። ተቆጣጣሪ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መግባት ይችላል።

ከካዛንቺስ፦ ቅጣቱ ያስፈራቸዋል?

ገንዘቡ አያስፈራም። አዋጁ ሲወጣ በሚበክል ድርጅት ላይ ያስቀመጠው መቀጮ ከ5,000 እስከ 25,000 ብር ነበር። ይህ ለትልቅ ፋብሪካ ከቁም ነገር አይገባም፤ እኔን ሁሌም ያናድደኝ ነበር። የሚያስፈራቸው ሌላ ነው፦ ጤና ላይ አደጋ ካለ እስከ መዝጋት ወይም ወደ ሌላ ቦታ እስከ ማዛወር ሥልጣን አለ። ደግሞ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አትርሱ። አንቀጽ 1225 ባለ ንብረት ከመልካም ጉርብትና ባለፈ በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ጠረን ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ጥላሸትን በስሙ ጠርቶ!

ስሜ ይቆይ፦ እዚያው ፋብሪካ ነው የምሠራው። ቢዘጋ እንጀራዬን ላጣ ነው።

ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ግን መዝጋት የመጨረሻው እርምጃ ነው። ብዙ ጊዜ ጥቁር ጭስ የሚመጣው በርነሩ፣ ማለትም ነዳጁን የሚያቃጥለው ክፍል፣ ሳይጸዳና ወደ እሳቱ የሚገባው አየር ሳይስተካከል ሲቀር ነው። ያን ጭስ ከጎረቤቶችህ ቀድመህ የምትስበው አንተ ነህ። በርነሩ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተጸዳ የጥገና ክፍሉን ጠይቅ።