ኤርፉርት ላይ አንድ ነፃ ቅዳሜ ላላት እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። «ለማስተርስ ጀርመን፣ ኤርፉርት ከመጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ብቻ ነፃ ነኝ። 30 ዩሮ ይዤ የት ልሂድ? እዚሁ ልዙር ወይስ በርሊን ደርሼ ልምጣ?» ብለሻል። የመለሰልሽ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል «በርሊን» ብሏል። እኔ ኤርፉርት ሁለት ዓመት ተኩል ተምሬያለሁ። የመጀመሪያዋ ነፃ ቅዳሜዬም እንዳንቺው በኖቬምበር ነበረች። ያቺ ቅዳሜ በሕይወቴ ካየኋቸው ደስ የሚሉ ቀኖች አንዷ ነች። ደግሞም 60 ዩሮ አስከፍላኛለች። ሁለቱንም ልንገርሽ።

1. በርሊንን ለእረፍት ጊዜሽ አቆይው። በፈጣኑ ባቡር፣ በአይሲኢ፣ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ግን የወር ትኬትሽ አይሲኢ ላይ አይሠራም። በክልል ባቡር ደግሞ እየቀያየርሽ ስትደርሺ ቀኑ አልቋል። በኖቬምበር ከምሽቱ 5 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። የማላውቀውን ትልቅ ከተማ በጨለማ ዞሬ ምን አይቼ ልመለስ?

2. ስልክሽ እንዳይዘጋ። ከምጽፈው ሁሉ ይሄን ስሚኝ።

እኔ ስመጣ የወር ትኬቱ፣ ዶይችላንድ ቲኬት የሚሉት፣ 49 ዩሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተወዷል። በመላው ጀርመን በክልል ባቡር፣ በትራምና በአውቶቡስ ያስኬዳል። ትኬቱ ያለው ስልክ ላይ ነው። ያንቺም እንደዚያው እንደሚሆን እገምታለሁ። ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎታ የምትባል ጎረቤት ከተማ ሄጄ ነበር፤ ለምን እንደሄድኩ ቆይቼ እነግርሻለሁ። ፎቶ ሳነሳ፣ ቪዲዮ ስቀርፅ፣ ለእማዬ ስልክላት ባትሪዬ አለቀ። ብርድ ባትሪ ቶሎ እንደሚጨርስ አላወቅኩም ነበር። ወደ ኤርፉርት የሚመለሰው ባቡር ላይ ስወጣ 3 ፐርሰንት ይላል። መንገዱ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፣ ያደርሰኛል አልኩ። ከጣቢያው ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ስልኩ ድርግም አለ። ወዲያው ተቆጣጣሪዋ መጣች።

ፓስፖርቴን አሳየኋት። የተማሪ መታወቂያዬንም አሳየኋት። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ነገሩ ገብቷቸው ከቦርሳቸው ቻርጀር አውጥተው ሰጡኝ። ስልኬ እስኪነሳ ሁለት ደቂቃ ብቻ እንድትጠብቀኝ ለመንኳት። ትኬት የማሳየት ኃላፊነቱ የተሳፋሪው ነው አለችና ወረቀቱን ቆርጣ ሰጠችኝ። 60 ዩሮ! ባቡሩ ሰው ሞልቶት ነበር፤ ሁሉም ያየኛል። እኔ በሕይወቴ ሳልከፍል ተሳፍሬ አላውቅም። አዲስ አበባ ስማር የአውቶቡስ ትኬቴን እስክወርድ ድረስ በእጄ ጨብጬ ነበር የምሄደው። ያን ቀን ግን እንደ ሌባ ታየሁ። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴን ያቃጥለኛል።

አሁን ማንም ያልነገረኝን ነገር ልንገርሽ። ትኬትሽ በስምሽ የወጣ ከሆነና በተያዝሽበት ሰዓት የሚሠራ ትኬት እንደነበረሽ በአንድ ሳምንት ውስጥ ካሳየሽ፣ 60ው ይቀርና 7 ዩሮ ብቻ ትከፍያለሽ። እሑድ ማታ የዶርም ጎረቤቴ ይሄን ሲነግረኝ እግዚአብሔር ይስጥህ ብዬ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት አንድ መስኮት ላይ ተሰለፍኩ። አርባ ደቂቃ ቆሜ ተራዬ ሲደርስ ሴትየዋ ወረቀቱን ሳትነካው «እኛ ጋ አይደለም» አለችኝ። ታዲያ የት ነው ስላት ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራች። ማክሰኞ ሌላ ቢሮ ሄድኩ። በእንግሊዝኛ ሰላም ብዬ ልጀምር ስል ሰውየው «ያለነው ጀርመን ነው፤ እዚህ የሚነገረው ጀርመንኛ ነው» ብሎ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረ። እኔ ያኔ ያለኝ የሦስት ሳምንት ጀርመንኛ ነው። «ይቅርታ» እና «አመሰግናለሁ» ብቻ ይዞ ከቢሮ ጋር መከራከር አይቻልም። ወጥቼ ትራም ፌርማታው ላይ አለቀስኩ። እሮብ ላብራቶሪ ነበረኝ። ሐሙስ ኢሜይል ጻፍኩና ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ። መልስ አልመጣም። በዘጠነኛው ቀን ስሄድ «ሳምንቱ አልፏል» ተባልኩ። 60ውን ሙሉ ከፈልኩ። ያኔ 60 ዩሮ የሁለት ሳምንት አስቤዛዬ ነበር።

በጣም የሚያንገበግበኝ ግን ቢሮዎቹ አይደሉም። የቅጣቱ ወረቀት ጀርባ ላይ ሁሉም ነገር ተጽፎ ነበር። የት እንደምሄድ፣ እስከ መቼ፣ ምን ይዤ። ጀርመንኛ ነው ብዬ ገልብጬ አላየሁትም። አንድ ፎቶ አንስቼ የስልክ መተርጎሚያ ውስጥ ባስገባው ኖሮ ቅዳሜ ማታውኑ አውቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚህ አገር የሚሰጠኝን ወረቀት ሁሉ ፊቱንም ጀርባውንም ሳላነብ ከእጄ አላስቀምጥም። ባለፈው ዓመት አንድ አዲስ የመጣ ልጅ ልክ እንደኔ ስልኩ ዘግቶበት ተቀጣ። በማግስቱ ወረቀቱን አብረን ገለበጥን። ትክክለኛው ቢሮ ሄድን፣ እኔ በጀርመንኛ አስረዳሁለት፣ 7 ዩሮ ከፍሎ ወጣ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ዲግሪዬን ስቀበል እንኳ አልተሰማኝም።

ስለዚህ ፓወር ባንክ ያዢ። ስክሪንሾት አያድንሽም፤ የሚፈልጉት መተግበሪያው ላይ ያለውን ነው። ትኬቱን በካርድ የሚሰጥ ሻጭ ካገኘሽ ካርዱን ውሰጂ፣ ካርድ ባትሪ አይጨርስም። ፓስፖርትሽ ወይም የመኖሪያ ፈቃድሽም አብሮሽ ይሁን።

3. ጠዋቱን እዚሁ ኤርፉርት አሳልፊው። ዶምፕላትስ አደባባይ ላይ ቆመሽ ቀና በይ። ሁለት ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት ጎን ለጎን ከፍታው ላይ ቆመው ታያለሽ፤ ካቴድራሉና ቅዱስ ሴቬሪ። ሰባ ደረጃ ነው የምትወጪው። ካቴድራሉ ግሎሪዮሳ የምትባል ደወል አለችው። በ1497 የተሠራች (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)፣ ከ11 ቶን በላይ የምትመዝን ናት፤ የምትደወለውም በታላላቅ በዓላት ብቻ ነው። እኔ አንዴ ሰምቻታለሁ። ደረት ውስጥ ነው የምትገባው። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ማርቲን ሉተር በ1507 ቅስና የተቀበለው እዚሁ ካቴድራል ውስጥ ነው። የተማረውም በዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ፣ የመነኮሰውም በዚሁ ከተማ ባለው የአውግስጢኖስ ገዳም ነው። አባ ሚካኤል የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን በ1534 ዊተንበርግ ድረስ መጥተው ከዚሁ ሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግረዋል። እኛ እዚህ አገር ትናንት የመጣን ይመስለናል።

ከዚያ ወደ ክሬመርብሩከ፣ ወደ ነጋዴዎቹ ድልድይ ሂጂ። በ1325 በድንጋይ የተሠራ ነው፤ ላዩ ላይ 32 ቤቶች አሉ፣ ሰውም ይኖርባቸዋል። እኔ መጀመሪያ ቀን ድልድይ መሆኑን ሳላውቅ ተሻግሬው ሄጃለሁ። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ስለሚጋርዱት ወንዙ አይታይም፣ ተራ የገበያ መንገድ ነው የሚመስለው። ከተሻገርሽ በኋላ ወደ ጎን ታጥፈሽ ወንዙ ዳር ውረጂ። ቅስቶቹንና ቤቶቹን ከነውሃው የምታይው ከዚያ ነው። ፎቶም እዚያ ተነሺ። አሮጌው ምኩራብ ከድልድዩ ሩቅ አይደለም፤ በ2023 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ጊዜ ካለሽ ግቢ፣ ከሌለሽ ሌላ ቀን ይደርሳል።

ምሳሽን መንገድ ላይ ብዪ። የቱሪንገን ቋሊማ በከሰል ተጠብሶ በዳቦ ከሰናፍጭ ጋር ይሰጡሻል። አራት አምስት ዩሮ ብትይ ነው። የምትጾሚ ከሆነ የነቢያት ጾም ገና ስላልገባ ቅዳሜ አያሳስብሽም። የአሳማ ሥጋ የማትበዪ ከሆነ ግን ቋሊማውን ተይው፤ ከቤትሽ ቋጥረሽ ውጪ።

4. ከሰዓት በኋላ ጎታ ሂጂ። ስለ ጎታ ስጽፍ ቁጥሩን መቀጠል አልችልም፣ ዝም ብዬ ልንገርሽ።

ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ሰው አለ። በ1624 የተወለደው ኤርፉርት ነው፣ አሁን አንቺ ያለሽበት ከተማ። ገና በወጣትነቱ ግዕዝ ልማር ብሎ ተነሣ። መምህር የለው፣ መጽሐፍም እንደ ልብ አያገኝ። በ1649 ሮም ሄዶ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ባለው የሐበሾች ማረፊያ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ፣ አባ ጎርጎርዮስን አገኛቸው። አባ ጎርጎርዮስ የአማራው መካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1652፣ የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋበዛቸውና እስከዚህ አገር ድረስ መጡ። ስለ አገራችን ታሪክ፣ ስለ ሥርዓታችን፣ ስለ ግዕዝና ስለ አማርኛ ሉዶልፍ እየጠየቀ፣ እሳቸው እየመለሱ ጻፉ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681 አሳተመ። በ1698 ደግሞ ፍራንክፈርት ላይ የአማርኛ ሰዋስው አወጣ። በዓለም ላይ የታተመ የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው እሱ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን አላዩትም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀሩ።

ይሄን ያወቅኩት ከመምጣቴ በፊት ነው፤ አዲስ አበባ አንድ የቋንቋ መምህሬ ነግረውኝ ነበር። ለዚህ ነው ያን ቅዳሜ ጎታ የሄድኩት። ከጣቢያው ወደ ላይ በእግርሽ ስትሄጂ ሩብ ሰዓት ወይም ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ኮረብታው ላይ ነው። ስሙ «የሰላም ድንጋይ» ማለት ነው። መሠረቱ የተጣለው በ1643 ነው፤ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ገና አላለቀም ነበር። አገሩ በጦርነት ወድሞ፣ ሕዝቡ ተርቦ። በዋናው በር ላይ ሰላምና ፍትሕ በሁለት ሴቶች አምሳል ሲሳሳሙ ተቀርጸዋል። ከሥራቸው «ሰላም ይመግባል፣ ጠብ ይበላል» የሚል ጽሑፍ አለ። ቃሉን በስልኬ ተርጉሜ ሳነበው ቆሜ ቀረሁ። ያኔ ከቤተሰቤ ጋር በስልክ ከተገናኘሁ አራት ቀን አልፎኝ ነበር፤ ኔትወርክ ተቋርጦ ነበር። ባትሪዬን የጨረስኩትም እዚያ በር ሥር ነው። ያን ጽሑፍ እየቀረፅኩ ለእማዬ በድምፅ አነበብኩላት፤ መስመሩ ሲከፈት ታየው ዘንድ።

ግቢው ውስጥ መግባት ነፃ ነው፣ መናፈሻውም እንዲሁ። ሙዚየሙን ማየት ከፈለግሽ ትከፍያለሽ። መስኮቱ ላይ ተማሪ ነኝ በይ፤ እነሱ አይጠይቁሽም፣ እኔ መጀመሪያ ዓመት ባለመጠየቄ በየቦታው ሙሉ ዋጋ ስከፍል ነበር። ግንቡ ውስጥ ያለውን የኤክሆፍ ቲያትር አትለፊው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን የቀረ የእንጨት የመድረክ ማሽን አለው፣ እስከ ዛሬም ይሠራል። ስለ አባ ጎርጎርዮስ በር ላይ የሚነግርሽ ሰው አትጠብቂ፤ አውቀሽ ሂጂ። እኔ አንዱን አስጎብኚ ጠይቄው የማውቀውን ያህል አላወቀም። እኔ ነገርኩት፣ እሱም ማስታወሻ ያዘ።

30 ዩሮ ይበቃኛል ወይ ላልሽው፣ ይበቃሻል። መንገዱን የወር ትኬትሽ ይሸፍነዋል። ምሳ ከነቡናው አሥር ዩሮ ያዢለት፣ የቀረው ለመግቢያ ይሆናል። ቀን 7 ሰዓት ገደማ፣ በአገራችን አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከኤርፉርት ተነሺ። ሰሌዳው ላይ አርቢ (RB) ወይም አርኢ (RE) የሚለውን የክልል ባቡር ያዢ። ጎታ ላይ አይሲኢም ስለሚቆም ተሳስተሽ እንዳትገቢ። ሳይጨልም በሩ ጋ ድረሺ፤ ጽሑፉ በጨለማ አይነበብም። ቅዳሜ ማታ ስትመለሺ እዚሁ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ። ያ የቅጣት ወረቀት እንኳ ቢደርስሽ ጀርባውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ እኔ አነብልሻለሁ።