ሌሊት የማትነቃው ሞግዚት

ለአምዱ አዘጋጅ፣

ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው የምጽፍልዎት። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ የምሠራው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ አንድ ባንክ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ዘጠኝ ወር ሞልቶታል። የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ሥራ ከገባሁ ጀምሮ ቤቴ ሰላም የለውም፤ ምክንያቱም ልጄን የምትይዘው ሠራተኛ ሌሊት አትነቃም። ሕፃኑ ድምፁ እስኪዘጋ ያለቅሳል። እኔ በግድግዳው ሰምቼ ተነሥቼ ስሄድ እሷን አጠገቡ ፍራሽ ላይ ድርቅ ብላ ተኝታ አገኛታለሁ። ጡጦውን በእጇ እንደያዘች ያንቀላፋችበት ሌሊትም አለ። ስቀሰቅሳት ትደነግጥና ይቅርታ ትላለች፤ በማግስቱ ያው ነው።

ቀን ደግሞ ስልክ ላይ ናት ይሉኛል ጎረቤቶቼ። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ የልጄ ግንባር አብጦ አየሁ። ከአልጋ ወድቆ ኖሯል። ጤና ጣቢያ ወስጄው ደኅና ነው ተባልኩ። ለምን አልደወልሽልኝም ብዬ ብጠይቃት “ፈርቼ ነው” አለችኝ። እንዴት አድርጌ ልመናት?

እኔ አልበደልኳትም። የምንበላውን ትበላለች፣ በበዓል ልብስ እገዛላታለሁ፣ ደመወዟንም ያመጣችልን አክስቷ በየወሩ ሳይጓደል ትወስድላታለች። ሥራውም ቢሆን ከባድ የሚባል አይደለም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ቁርስና ምሳቃችንን ታዘጋጃለች፣ ቀን ልጁን ትይዛለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ ውሃ በሚጠፋበት ቀን ከታች በጀሪካን ታወጣለች፤ ማታ እራት ተበልቶ ዕቃ ካጠበች በኋላ 4 ሰዓት ላይ ልጁን ይዛ ትተኛለች። የማታ ትምህርት ጀምራ ነበር፤ እኔ ሥራ ስመለስ ስላልተመቸ አቋረጠች። ዕድሜዋ 14 ቢሆንም ሰውነቷ የትልቅ ሰው ነው።

ልጁን ከእሷ ጋር ያስተኛነው የባለቤቴ እንቅልፍ እንዳይረበሽ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በማለዳ ይወጣል። እኔም ካሸር ነኝ፤ እንቅልፍ አጥቼ ብር ቢጎድልብኝ የምተካው ከኪሴ ነው። ሥራ ከገባሁ ወዲህ ጡቴ እየቀነሰ ስለመጣ የቆርቆሮ ወተት እንገዛለን፤ ዋጋውን እርስዎም ያውቁታል። እናቴ “ወደ አገሯ ላኪያትና ጠንከር ያለች ሴት ፈልጊ” ትለኛለች። ባለቤቴ “ቆጣ በያት፣ ትለምዳለች” ይላል።

ከትናንት በስቲያ ማታ ልጄን ከእጇ ልቀበል እጄን ስዘረጋ ፊቱን አዙሮ አንገቷ ውስጥ ተሸጎጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚከነክነኝ ነገር ሌላ ሆኗል። ልጅቷን አውቶቡስ አሳፍሬ ልሸኛት ወይስ ሥራዬን ልልቀቅ? ይህ ልጅ እናቱ እኔ መሆኔን ያውቃል?

የደከማት እናት፣ ከልደታ


መልስ

እህቴ፣

ስለ ልጅቷ እንቅልፍ ይህን ሁሉ ጽፈሽ ዕድሜዋን በአንድ ዐረፍተ ነገር አለፍሽው፤ ያውም ሰውነቷን ምስክር ጠርተሽ። በቤትሽ ውስጥ የሚያድጉ ልጆች ሁለት ናቸው፤ ከዚያ ደግሞ አንደኛዋን የሌላው የሌሊት ጠባቂ አድርገሻታል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ስለሆነ ቅር ቢልሽም እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ራስሽ በሰጠሽኝ ሰዓት እንሂድ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት 17 ሰዓት ነው። የሚቀራት 7 ሰዓት ነው፤ እሱንም ሕፃኑ ይቆራርጠዋል። በእሷ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ልጅሽ ደግሞ የቀኑ ሸለብታ ተጨምሮ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ያስፈልገዋል፤ በዚህ ዕድሜው ግን ሌሊት እየነቃ ማልቀሱ የታወቀ ነው፤ እናቱ ከዐይኑ ስትርቅ መኖሯን ማስታወስና መፈለግ የሚጀምርበት ወቅት ነውና። እንዲህ ያለውን ሌሊት ጎልማሳ ሴትም በየቀኑ አትችለውም። ድካም የጣላት ልጅ ጡጦ እንደያዘች ሕፃን አጠገብ ስታንቀላፋ ወተቱ ትን ሊለው፣ ብርድ ልብሱም ሊያፍነው ይችላል። ስለዚህ ልጁ ከዛሬ ማታ ጀምሮ አንቺ ክፍል ውስጥ በራሱ አልጋ ይተኛ። ይህን እስከ ደመወዝ ቀን እንኳ አታቆዪው።

ሕጉንም ልንገርሽ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠሩ ያግዳል። ጠበቃ ብታማክሪ ይህ አዋጅ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም ሊልሽ ይችላል፤ እውነቱን ነው፣ የግል አገልግሎት ውል ከአዋጁ ውጭ ተደርጓል። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 36 ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁ፣ ትምህርታቸውንና ጤንነታቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ ሲደነግግ የኮንዶሚኒየም በር ላይ ሲደርስ አልቆመም። እኔ በበኩሌ ሕጉ ዝም ቢልም የምለውን አልለውጥም ነበር። የከተማችን ቤቶች ግማሽ የሚያህሉት በእንዲህ ያሉ ልጆች ጉልበት የቆሙ እስኪመስለኝ ድረስ ይህን ታሪክ ሰምቼዋለሁ፤ ሁሉም “የምንበላውን ትበላለች” በሚል ይጀምራል።

“ፈርቼ ነው” ማለቷን ደግሞ እንደ ጥፋት ቆጠርሽባት። እኔ ያስደነገጠኝ ከመውደቁ ይልቅ ይህ ቃል ነው። ሕፃን ጭንቅላቱን ተመትቶ ደጋግሞ ቢያስመልሰው፣ ከወትሮው ውጭ ቢያንቀላፋ ወይም ሲጠሩት ባይነቃ በደቂቃዎች ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት፤ ይህን የምትነግርሽ ደግሞ አብራው የዋለችው ልጅ ብቻ ናት። ባለቤትሽ እንደሚለው ቆጣ ባልሻት ቁጥር የምትደብቅሽ ነገር ይበዛል።

ስለ ባለቤትሽ ስታነሺ ቁጣዬ ጨምሯል። የሁለት ሰዎች እንቅልፍ እንዳይረበሽ የአንዲት ልጅ እንቅልፍ ተሠውቷል፤ ይህን ያሰበው አንድ ሰው ቢሆን እንኳ የተስማማችሁት ሁለታችሁ ናችሁ። በማለዳ የሚወጣ አባት ከመተኛቱ በፊት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ያለውን ሰዓት ይያዝ፤ ገላውን ያጥብ፣ ያቅፍ፣ ያባብል፤ አንቺ በጊዜ ተኚና ከዚያ በኋላ ያለውን ተቀበይ። ያን ጊዜ ጡት ስጪው። ወተቱ የቀነሰው ሥራ ስለገባሽ ብቻ አይመስለኝም፤ ወተት የሚያመነጨው ሆርሞን ሌሊት ከፍ የሚል ሆኖ ሳለ አንቺ የሌሊቱን ጡት በጡጦ ተክተሽዋል። ከሥራ እንደገባሽ፣ ሌሊትና ንጋት ላይ ብታጠቢው ሊመለስልሽ ይችላል፤ በዘጠኝ ወሩ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ምግብ ስለሚያስፈልገው ወተቱ ብቻውን አይሸከመውም። የቆርቆሮውም ወጪ ይቀንሳል፤ ከዚያ የሚተርፈው ለምን እንደሚውል ወደ ታች እነግርሻለሁ።

አሁን ወደ ደበቅሽው ጥያቄ ልምጣ። ልጅሽ ያውቅሻል። ፊቱን ያዞረው ሌሊት ሲያለቅስ የምትመጣውን ለምዶ ነው፤ የዘጠኝ ወር ሕፃን ሒሳቡ ይኸው ነው፤ እናትነትሽን የሚመዝንበት ሚዛን የለውም። ሌሊቱን ስትመልሺው እሱም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። እሷን መውደዱን ግን እንደ ስርቆት አትቁጠሪው። ሕፃን ጥሩ ያልያዘው ሰው አንገት ውስጥ አይሸጎጥም፤ ያቺ ልጅ ከእነ ድካሟ በደንብ ይዛልሻለች። ይህን አንቺ ራስሽ ብትነግሪያት ደስ ይለኛል።

አውቶቡስ ማሳፈሩን በጥብቅ እቃወማለሁ። የ14 ዓመት ልጅ ብቻዋን አውቶቡስ ተራ ስትደርስ ቀድሞ የሚያናግራት ደላላ ነው፤ ከዚያ ወደ ሌላ ቤት ትገባለች፤ የአንቺ ጥፋት የሌላ ሰው ጥፋት ሆኖ ይቀጥላል እንጂ አይቆምም። ይልቅ ለወላጆቿ ራስሽ ደውዪ፤ ከዚያ እሷን አስቀምጠሽ ምን እንደምትፈልግ ጠይቂያት፤ አክስቷ በሌለችበት። መመለስ ከፈለገች አንዳችሁ ይዛችኋት ሄዳችሁ ከወላጆቿ እጅ አስረክቧት። መቆየት ከፈለገች የምትቆየው እንደ ተማሪ ነው፦ ከነበረችበት ትምህርት ቤት መሸኛ ታስመጫለሽ፣ ለመስከረም የቀን ትምህርት ታስመዘግቢያታለሽ፤ በከተማዋ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ምገባ አለ። ወላጆቿን ማግኘት ካቃተሽ የወረዳሽን የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አማክሪ።

ሥራሽን አትልቀቂ። ልጁን ቀን የምትይዝ ተመላላሽ ጎልማሳ ሴት ፈልጊ፤ ክፍያዋ ከአሁኑ እንደሚበልጥ አውቃለሁ፤ የቆርቆሮው ወተት ትራፊ የሚውለው እዚህ ነው፣ የጎደለውን ባለቤትሽ ይሙላ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ በ2010 ዓ.ም. የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያደራጁ አዝዟል፤ የታሰበው ለእናቶች ቢሆንም ባለቤትሽ በመሥሪያ ቤቱ ማቆያ ካለ ለአባትም ይፈቀድ እንደሆነ ሄዶ ይጠይቅ። እስካሁን የጠየቀ አባት ብዙም ስላልሰማሁ የሚሰጠውን መልስ ብትጽፊልኝ እወድ ነበር።

የደመወዙን ነገር ሳይረሳኝ፦ ወላጆቿ ዘንድ ስትደውዪ አክስቷ በየወሩ ከአንቺ የተቀበለችው ብር ስንት እንደሆነ ንገሪያቸው፤ እነሱ ዘንድ ስንት እንደደረሰም ጠይቂ። የጎደለ ካለ ከእንግዲህ ያለውን በቀጥታ ለእናቷ ላኪ፤ ልጅቷም የተላከበትን ደረሰኝ በእጇ ትያዝ።