በ57ኛው ቀን ያረፈችው ልጄ

ጥያቄ፦ መምህር፥ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። የ24 ዓመት ሴት ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን፥ ሴት ልጅ፥ ወልጄ ነበር። በ57ኛው ቀን ማታ ትኩሳት ያዛት፤ ሌሊቱን ሐኪም ቤት አደርን፤ ሊነጋጋ ሲል አረፈች። ክርስትናዋ 23 ቀን ቀርቶት ነበር፤ የምትለብሰው ነጭ ልብስ ተገዝቶ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ስላልተጠመቀች ፍትሐት ሳይደረግላት ተቀበረች። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆናት። ጡቴ እስከ ሰሞኑ ድረስ ወተት ያፈስስ ነበር።

ቤታችን ሰው አይለየውም። ገንፎ በልተው “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ያሉኝ ሰዎች ናቸው ተመልሰው መጥተው “እግዚአብሔር ያጥናሽ” የሚሉኝ። አማቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው አብረውን ተቀምጠዋል፤ “ልጅ ነሽ፥ ገና ትወልጃለሽ” ይሉኛል። የባለቤቴ አክስት ደግሞ “አንድ ያጠፋችሁት ነገር ቢኖር ነው” አሉ። በሚቀጥለው ወር የባለቤቴ እኅት ሴት ልጇን ክርስትና ታስነሣለች፤ ክርስትና እናት እንድሆን ቀደም ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። አክስቲቱ “ልጅ የሞተባት ሴት ሕፃን ባታቅፍ ይሻላል” ማለታቸውን ሰማሁ። ልጄ የት ናት? ሳላስጠምቃት በመቅረቴ ጥፋቱ የእኔ ነው? የክርስትና ስም ስለሌላት በጸሎት በምን ስም ልጥራት? እንግዳ ሲመጣስ መኝታ ቤት ገብቼ በሩን እዘጋለሁ፤ ይህ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ልጄ፥ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ዛሬ ማታም በርሽን የሚያንኳኳ ሰው አይጠፋምና።

በሩን መዝጋትሽ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን የመጥምቁ ዮሐንስን መገደል በሰማ ጊዜ በታንኳ ሆኖ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ ብሏል (ማቴዎስ 14፥13)። ሕዝቡ በእግር ተከትሎ ደረሰበት እንጂ እርሱስ ለብቻው መሆን ፈልጎ ነበር። አንቺ ደግሞ ሐዘንተኛ ብቻ አይደለሽም፤ አራስም ነሽ። ሰውነትሽ ገና ከወሊድ አላገገመም። ባለቤትሽ ወይም እኅትሽ ደጅ ላይ ሆነው “ተኝታለች፤ መምጣታችሁን እነግራታለሁ” ቢሉ ማንንም መናቅ አይደለም። ደስ ባለሽ ሰዓት ትወጪያለሽ፤ ካልሆነልሽም ትተኛለሽ።

ለቅሶ መድረስ ትልቅ ነገር ነው። “ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ” የሚለውን የሐዋርያውን ቃል (ሮሜ 12፥15) ሕዝባችን በተግባር የያዘው በዚህ ነው። ለሕፃን ግን ብዙ ጊዜ ድንኳን አይተከልም፤ ለቅሶውም ቶሎ ይታጠፋል፤ የእናቲቱ ሐዘንም በዚያው ልክ አጭር የሚሆን ይመስለናል። ስለዚህ ቀባሪው ሲመለስ የሚቀረን ወሬ ብቻ ነው፤ ወሬውም ያቆስላል።

የኢዮብን ወዳጆች አስቢ። ሦስቱም ከየአገራቸው ተነሥተው መጡ፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሕመሙ እጅግ እንደ በረታ አይተው ነበርና አንድ ቃል የተናገረው አልነበረም (ኢዮብ 2፥13)። ለቅሶ መድረስ ማለት ያ ነበር። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። “ያለ ምክንያት አይደለም፥ አንድ ያጠፋኸው ነገር አለ” ማለት ጀመሩ፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ ተቈጣቸው (ኢዮብ 42፥7)። አክስቲቱ የተናገሩት የእነዚህኑ ሰዎች ንግግር ነው። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ “ማን ኃጢአት ሠራ?” ብለው በጠየቁ ጊዜም ጌታ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ መልሷል (ዮሐንስ 9፥3)። ይህን ባለቤትሽ በአክብሮት ይንገራቸው። አንቺ እንድትከራከሪ አልመክርሽም፤ አሁን ለዚያ የሚሆን ጉልበት የለሽም።

እኔም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለሁም። በወጣትነቴ አንድ ልጁን የቀበረ አባት ዘንድ ገብቼ “እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔር ነሣ” የሚለውን ጠቅሼ ረዘም አድርጌ አስተማርሁ። ሰውዬው ቀና ብሎም አላየኝ። ቃሉን የተናገረው ኢዮብ ራሱ እንደ ሆነ፥ ልጆቹን ያጣው ሰው እንጂ ሊያጽናና የመጣው እንግዳ እንዳልሆነ ያስተዋልሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንቺ አንድ ቀን ትዪው ይሆናል። እስከዚያ ማንም ስለ አንቺ ሆኖ አይበለው።

አማትሽን ግን ከአክስቲቱ ጋር አትደምሪያቸው። በእሳቸው ዘመን ሕፃን የቀበረች እናት ብዙ ናት። “ልጅ ነሽ፥ ትወልጃለሽ” የሚለው ቃል ምናልባት ለእሳቸውም በጊዜው የተነገራቸው ብቸኛ ማጽናኛ ይሆናል። አንድ ቀን ቡና ተፈልቶ ሰው ገለል ሲል “እማማ፥ እርስዎስ ልጅ ቀብረው ያውቃሉ?” ብለሽ ጠይቂያቸው። የሚመልሱልሽን አላውቅም፤ ጥያቄው ግን ከምክራቸው የተሻለ ያቀራርባችኋል ብዬ አስባለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው ወይ ላልሽው፥ አይደለም። ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን መጠመቃቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው። ቁጥሩ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ካለው የወላድ የመንጻት ቀን ጋር ይስማማል፤ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40፥ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን ይናገራል። ሥርዓቱን ጠብቀሽ ቀኑን ስትቆጥሪ ነበር፤ ልብሱንም ገዝተሻል። ሕፃኑ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ከያዘው ካህን ተጠርቶ ከቀኑ በፊት እንደሚያጠምቀው ግን ብዙ እናቶች አያውቁም። ይህ የእኛ የመምህራን ጉድለት ነው፤ በየዐውደ ምሕረቱ ስንት ነገር እየተናገርን ይህን አንናገርም። ደግሞም ብታውቂው እንኳ ማታ የያዛት ትኩሳት እስኪነጋ አልጠበቀሽም። የምታነቡ እናቶች ሁሉ ግን ያዙት፤ የንስሐ አባታችሁንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አሁን ከባዱ ጥያቄ። ጌታ ለኒቆዲሞስ ከውኃና ከመንፈስ ስለ መወለድ የተናገረውን (ዮሐንስ 3፥5) አንቺን ላጽናና ብዬ አላለዝበውም። ልጅነት የሚገኘው በጥምቀት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሌላ በር አልተሰጣትም። ነገር ግን በሩ የተሰጠው ለእኛ ነው፤ እግዚአብሔር በሰጠን በር አይታሰርም። በአራተኛው መቶ ዘመን የነበረው የቤተ ክርስቲያን አባት ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በቁስጥንጥንያ ስለ ጥምቀት ባስተማረው ትምህርት፥ በሕፃንነታቸው ምክንያት ሳይጠመቁ የቀሩት በጻድቁ ፈራጅ ዘንድ አይቀጡም ብሏል፤ ክፋት ሳይሠሩ የተጎዱ ናቸውና። እርሱ ክብርንም አልጨመረላቸውም፤ ይህንም አልደብቅሽም። ሌላው አባት ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ደግሞ ያለ ጊዜያቸው ስለ ሞቱ ሕፃናት ራሱን የቻለ ድርሰት ጽፎ፥ የነፍስ ምግቧ ከእግዚአብሔር ሕይወት መካፈል እንደ ሆነ፥ ክፉ ያልቀመሰች ነፍስም እንደ ዐቅሟ ከዚያ እንደምትካፈል አስረድቷል። ይህን ሳነብ ስለ ጡትሽ ወተት የጻፍሽው ትዝ አለኝ። አንቺ ያጠባሻትን ያህል ነው የኖረችው፤ የሚመግባት አጥታለች ብዬ ግን ለማመን አልችልም።

የዳዊትንም ነገር ተመልከቺ። ሕፃን ልጁ በሰባተኛው ቀን ሞተ (2ኛ ሳሙኤል 12፥18)። ቀኑ ከልደቱ የተቆጠረ እንደ ሆነ የመገረዣው ስምንተኛ ቀን ሳይደርስ፥ ሳይገረዝ ሞቷል ማለት ነው። ሆኖም ዳዊት “እኔ ወደ እርሱ እሄዳለሁ እንጂ እርሱ ወደ እኔ አይመለስም” አለ። ልጄ ጠፋ አላለም፤ ልከተለው ነው አለ። ጥር 3 የምናስባቸው ሄሮድስ ያስፈጃቸው ሕፃናትም በውኃ አልተጠመቁም። እነርሱ ስለ ክርስቶስ ደማቸው ስለ ፈሰሰ ነገሩ አንድ አይደለም፤ ቢሆንም እናታቸው ራሔል “ልትጽናና አልወደደችም” ተብሎ ያለ ነቀፋ ተጽፎላታል። አንቺም ገና በሁለት ሳምንትሽ ለመጽናናት አትቸኩዪ።

ፍትሐት አለመደረጉ ፍርድ አይደለም። ፍትሐት መፍታት ነው፤ የ57 ቀን ሕፃን በገዛ እጇ የታሰረችበት ኃጢአት የላትም። ተዝካር አድርጊም አልልሽም። አቅም ካለሽ ያንን ነጭ ልብስ ለሚያስፈልጋት ሕፃን ስጪ፤ ገና ካልቻልሽ ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጥ።

በጸሎት በምን ስም ልጥራት ብለሻል። እናቷ በሰየምሽላት ስም ጥሪያት። “በሆድ ሳልሠራህ አውቄሃለሁ” ያለ አምላክ (ኤርምያስ 1፥5) የማንን ልጅ ስም እንደምትጠሪ አይጠፋውም።

ክርስትና እናትነቱን በሚመለከት፥ አክስቲቱ የተናገሩት ባዕድ አምልኮ ነው፤ ከዚያ ያነሰ ስም ልሰጠው አልችልም። የአንቺ እጅ ሕፃን አይጎዳም። ነገር ግን “ንግግራቸውን ላሸንፍ” ብለሽ አትሂጂ። ክርስትና እናት የሚያደርገው ለአንድ ቀን ማቀፍ ሳይሆን ልጅቱን በሃይማኖት ለማሳደግ ዕድሜ ልክ ዋስ መሆን ነው። ለባለቤትሽ እኅት እውነቱን ንገሪያት፤ “ቃሌን ልፈጽም እፈልጋለሁ፥ ግን የዚያን ቀን ቆሜ መጨረስ አልችል ይሆናል” በያት። ሌላ ሰው ብትመርጥ ቃል አፍራሽ አትባዪም። ልጅቱ ካደገች በኋላ እቤታቸው ስትሄጂ ትስሚያታለሽ፤ ያም ይበቃል።

ሌሊት እንቅልፍ ከራቀሽ፥ ምግብ ከተጸየፍሽ፥ “ከእርሷ ጋር በሄድሁ” የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ለባለቤትሽ ያን ዕለት ንገሪው፤ ሐኪም ዘንድም ሂዱ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሕመም አለ፤ ጸበሉና ሕክምናው አይጣሉም።

80ኛው ቀን ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ቀኑ የሚቆጠረው ከወለድሽበት ዕለት ነው፤ በልጅሽ ሞት አይቋረጥም። እስከዚያ የንስሐ አባትሽን ቤት ጥሯቸው፤ ጸበል ይርጩላችሁ፤ የነገርሽኝን ሁሉ ንገሪያቸው። በ80ኛው ቀን ከባለቤትሽ ጋር በማለዳ፥ ሰው ሳይበዛ፥ ለኪዳን ድረሱ። ባዶ እጅሽን መግባቱ ከሁሉ የሚከብድሽ እዚያ በር ላይ ይሆናል። ካቃተሽ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀመጪ፤ ባለቤትሽ ገብቶ ይጸልይና ተመልሶ ይውሰድሽ።