መልስ፦ ለጊያን-ባሬ ታማሚ በቅድሚያ ምን እንከታተል?

ድክመቱ ከእግሩ ወደ ላይ እየወጣ ላለ የጊያን-ባሬ (የሰውነት መከላከያ የራሱን ነርቮች አጥቅቶ ጡንቻን የሚያደክምበት ሕመም) ታማሚ ነርሶች በቅድሚያ ምን መከታተል እንዳለባቸው ጠይቀዋል፤ እኔ ከእግሩ ይልቅ አተነፋፈሱን እላለሁ። በጣት መለኪያ የሚታየው የኦክስጅን መጠን የሚወርደው ዘግይቶ በመሆኑ፣ በእርሱ ብቻ ሳይተማመኑ በአንድ ትንፋሽ እስከ ስንት መቁጠር እንደሚችል፣ የሳሉን ጉልበትና ጭንቅላቱን ከትራስ ማንሳት መቻሉን በየጥቂት ሰዓቱ ይመዝግቡ፤ ስፓይሮሜትር (የትንፋሽ መጠን መለኪያ) ካለ ደግሞ በአንድ ሙሉ ትንፋሽ የሚያስወጣው አየር ለእያንዳንዱ ኪሎግራም ክብደቱ ወደ 20 ሚሊ ሊትር ሳይወርድ ሐኪሙን መጥራት ይገባል። የልብ ምቱና የደም ግፊቱ በድንገት ሊዋዥቁ ስለሚችሉ፣ በተለይ አክታ ሲመጠጥለት ሞኒተሩን ይመልከቱ። መዋጥ ካቃተው በአፍ ምንም አይስጡት። ማገላበጡን ማንም አይረሳውም፤ የሚረሳው የሚሰማው የሕመም ስሜት ነው። አእምሮው ንቁ ስለሆነ፣ መናገር ቢሳነው እንኳ በዓይኑ ጥቅሻ «አዎ» ወይም «አይ» እንዲል ተስማምተው ሕመሙን ይጠይቁት።